በሰው አገር የተፈጸመ ጋብቻ በአገር ቤት ይጸናልን?

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጥያቄ የሕግ ሊቃውንት ብቻ የሚከራከሩበት ነገር አድርገህ አትቍጠረው። ዛሬ በአራዳ ከልጆቹ ወይም ከዘመዶቹ አንዱን ወደ አሜሪካ፥ ወደ ኤውሮጳ ወይም ወደ ዐረብ አገር ያልሰደደ ቤት ጥቂት ነው። የሄደውም ሰው በጕልማስነቱ ወራት የሄደ ነውና በዚያው አገር ያገባል፥ ይወልዳል፥ ትዳር ይመሠርታል፤ ከዚያም አንድ ቀን ይመለሳል። በተመለሰም ጊዜ ሻንጣውን ከፍቶ ለጕምሩክ ሹም ያሳያል፤ ቃል ኪዳንህን ከፍተህ አሳይ የሚለው ግን የለም። እንግዲህ በባሕር ማዶ ሹም ፊት ባልና ሚስት የተባሉት ሰዎች በቦሌ ሲወርዱ ምን ይባሉ? ባልና ሚስት ናቸው ልንል ይገባናልን? ወይስ ያ ነገር በዚያው ቀርቶአል እንበል?

እኔ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት አንድ ጊዜ ስለ ተሳሳትሁ ነው፤ ስሕተቴንም አስቀድሜ ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች በሚኖር በአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ቤት ለሽምግልና ተላክሁ። የላከን ሰው ከአሜሪካ የመጣ፥ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፥ አነጋገሩ የረጋ ሰው ነበረ። የልጅቱም አባት እንደ ልማዱ ጠየቀን፤ እኛም መለስን። ወገኑን እስከ ሰባት ቤት ቈጠርንለት፤ ሥራውን፥ ሃይማኖቱን፥ ጤናውን ሳይቀር ተናገርንለት። በዚያ አገር ሚስት እንዳለው ግን አባት አልጠየቀም፤ እኛም አስቀድመን ሰውዬውን አልጠየቅነውም። በባሕር ማዶ ያሳለፈው አሥራ ሁለት ዓመት በዐይናችን እንደ ጭጋግ ነበረ፤ ከጭጋጉ ወዲህ ያለውን ብቻ አይተን መሰከርንለት።

ሠርጉ ሆነ። በስምንተኛው ወር አንዲት ሴት የስድስት ዓመት ልጅ አስከትላ ወደ እኔ መጣች። እርስዋም ያገራችን ልጅ ናት፤ ከዚያ ሰው ጋር በአሜሪካ በከተማው ሹም ፊት ተፈራርመው ሰባት ዓመት በአንድ ቤት ኖረዋል። እናቱን ሊጠይቅ ሦስት ወር ብሎ ወጥቶ በዚያው እንደ ቀረባት ነገረችኝ። ወረቀቱንም ከቦርሳዋ አውጥታ በጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ማኅተሙ በእጅ ሲዳስሱት ይታወቅ ነበር።

ሰውዬውን አስጠራሁት። «ያ የወረቀት ነገር ነው፤ ሽማግሌ አልተላከበት፥ ካህን አልባረከው፥ ዘመድ አልበላበት፤ በዚህ አገር ማን ያውቀዋል?» አለኝ። እፍረቴን ልናገር፤ ነገሩ ጥቂት እውነት መሰለኝ። ወደ ሴቲቱ ተመልሼ «እኅቴ ሆይ፥ በዚያ አገር የተጻፈ በዚህ አገር ምን ይረባል?» አልኋት። እርስዋም የልጅዋን እጅ እንደ ያዘች «ጋሼ፥ ይህ ልጅ የተወለደው በዚያው አገር ነው፤ እዚህ ሲደርስ አልተወለደም ይባላልን?» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ።

በኋላ የሕጉን መጽሐፍ ገልጬ ባነብ ይልቁን አፈርሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቍጥር 213፥ በአንቀጽ 5 ነገሩን በጥቂት ቃል ቈርጦታል፤ ጋብቻ በውጭ አገር፥ በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት ተፈጽሞ እንደ ሆነ፥ የሕዝባችንን ግብረ ገብ እስካልተቃወመ ድረስ በኢትዮጵያም የጸና ነው ይላል። ያው ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመውንም፥ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውንም፥ በአገር ባህል የተፈጸመውንም ጋብቻ ሦስቱንም ይቀበላል። እንግዲህ ካህን አልባረከውም ማለት ሰውዬውን አያድነውም ነበር። ከዚህ አስቀድሞ አገራችን ስለዚህ ነገር ግልጥ ጽሑፍ አልነበራትም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የልዩ ልዩ አገሮች ሕጎች ሲጋጩ ምን እንዲደረግ የሚናገር ክፍል አዘጋጅቶ ነበር፤ ሕጉ ሲታወጅ ግን ያ ክፍል ቀረ።

ሕግ አለ ማለት ግን ሕጉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሕጉን የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋቸውም ሁሉ ከንቱ አይደለም።

አንዳንድ ሰው የአገርን ክብር ያነሣል። «የፈረንጅ ሹም ያሰረውን የኢትዮጵያ ዳኛ ስለምን ይቀበላል? የራሳችን ሥርዓት የለንምን?» ይላል። ይህን ቃል አልንቀውም፤ የአራዳ ሰው ለመናገር ምክንያት አለውና። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በተደረገው፥ በክሎቡኮውስኪ ስም በሚጠራው ውል የውጭ አገር ሰዎች በገዛ ከተማችን ቈንስሎቻቸው የሚገቡበት ልዩ ፍርድ አገኙ። የአራዳ ነጋዴ ከአንድ ፈረንጅ ጋር ቢጣላ እንደ ጎረቤቱ በአንድ ዳኛ ፊት በቀላሉ አይቆምም ነበር። ይህን ያዩ ሰዎች ልጆች የውጭ አገር ማኅተም ሲያዩ ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም። ያን ጊዜ የውጭ አገር ሹም በእኛ ምድር ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ግን የሹሙ መዝገብ በእኛ ዳኛ ፊት ምስክር ሆኖ ይቆማል። ምስክሩ እንዲታመን የፈቀደው የገዛ ሕጋችን ነው፤ የማይታመንበትንም ስፍራ የሚወስነው እርሱው ነው። ምስክር መስማት ከዳኛ ክብር ምን ይቀንሳል?

ደግሞም በዚህችው ሰፈር የኖሩትን ሰዎች አስብ። በፒያሳ አጠገብ አርመን ሰፈር ተብሎ የሚጠራ ስፍራ አለ። ከቱርክ መንግሥት ግዛት ከመከራ ሸሽተው የመጡ አርመኖች ወርቅ ሠሪዎች፥ ልብስ ሰፊዎች፥ ጫማ ሠሪዎች ሆነው ከእኛ ጋር ኖረዋል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጡዋቸው፥ አርባ ልጆች የተባሉት ሙዚቀኞች ከዚያው ወገን ነበሩ። ከስደተኞቹም መካከል በትውልድ ከተማቸው ተጋብተው የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። እነርሱን ያጋባ መንግሥት ራሱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከምድር ጠፋ። መንግሥቱ ስለ ጠፋ ጋብቻቸው ጠፋ፥ አሁን እንደ ገና ይጋቡ የሚል ጎረቤት ቢገኝ ምን ትለው ነበር? ዶክተር መላኩ በያንም በአሜሪካ ሕክምና ሲማር በዚያው አገር ዶሮቲ ሃድሊ የምትባል አሜሪካዊት አግብቶ፥ የጣሊያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ ሚስቱን ይዞ ወደ አገሩ መጣ። ሚስቱም ተብላ ገባች።

ይህ ነገር ከዚያም እጅግ የቀደመ ነው። ዮሴፍ በግብፅ፥ በፈርዖን እጅ፥ የአረማዊ ካህን ልጅ የሆነችውን አስናትን አገባ። ከአባቱ ቤት ሽማግሌ አልተላከም፤ ያዕቆብ ስንኳን ሊመርቅ ልጁ በሕይወት እንዳለ አያውቅም ነበር። ያዕቆብ ወደ ግብፅ በወረደ ጊዜ ግን ጋብቻው በእኔ ሥርዓት አልሆነም አላለም፤ ኤፍሬምንና ምናሴን እንደ ገዛ ልጆቹ ቈጥሮ ርስት ሰጣቸው። ሙሴም ያገባት ኵሻዊት፥ ማለት የእኛው ወገን የምትሆን ሴት ነበረች፤ በእርስዋ ምክንያት ያማችው እኅቱ ማርያም ምን እንደ ደረሰባት ታውቃለህ።

አንድ መንግሥት ጋብቻን አይቶ እንዳላየ ሲሆን የሚያደርሰውን ነገር ደግሞ አይተነዋል። ፒያሳ የሚለውን ስም የተዉልን ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ጣሊያናዊ ከአገራችን ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዙ፤ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊ ከሌላ ዘር ጋር የሚያደርገውን ጋብቻ ፈጽመው ከለከሉ፥ ቢደረግም ከንቱ ነው አሉ። ጣሊያናዊው ከሴቲቱ ጋር መኖሩን አላቆመም፤ ሕጉ ያጠፋው የሴቲቱን ስም ነው። በአሜሪካም በፈረንጆች ዘመን በ1958 ሪቻርድ ላቪንግ የሚባል ነጭና ሚልድረድ የምትባል ጥቍር ደም ያላት ሴት በዋሽንግተን ከተማ ተጋቡ። ወደ መኖሪያቸው ወደ ቨርጂንያ በተመለሱ ጊዜ ግን የሁለት ዘር ጋብቻ በዚያ ክልል ክልክል ነበርና ሌሊት ከመኝታቸው ተነሥተው ተያዙ። የጋብቻ ወረቀታቸው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የያዛቸው ሹም ግን ይህ በዚህ አገር አይሠራም አለ። አንድ ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው፥ ሀያ አምስት ዓመት ከዚያ ክልል ቢርቁ እንዲቀርላቸው ተደረገ። የላይኛው ፍርድ ቤት ያን ሕግ የሻረው በ1967 ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሴቲቱን ያልኋት ቃል ትዝ አለኝ፤ በዚህ ምን ይረባል ያልሁት የፖሊሱን ቃል ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ይኸውም በዘመናችን የወረቀት ጋብቻ የሚባለው ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ሳታውቀው አትቀርም። በዚያ አገር ለመኖር ፈቃድ ለማግኘት አንድ ሰው የአገሩን ዜጋ ያገባል፤ ወይም ያገባ ይመስላል። አንዳንዱ ገንዘብ ይከፍላል። አንዳንዱም ይህን የሰማ ሰው በእውነት ያገባትን ሚስት ትቶ ሲመጣ የርስዋንም ጋብቻ «የወረቀት ነው» ብሎ ይጠራዋል፤ የእኛ ሰው እንዳደረገው። ስለዚህ አንዳንድ አስተዋይ ሰዎች «የውጭ አገር ጋብቻ ሁሉ ቢጸና ስንት የሐሰት ጋብቻ ከሐሰቱ ጋር ይጸናል!» ይላሉ።

አባቶቻችን በቍርባን፥ በሰማንያና በደሞዝ ያገቡ ነበር። የደሞዝ ሚስት ለጊዜው የተቀጠረች ናትና ሥርዓቱን አላመሰግነውም፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ከወረቀቱ ጋብቻ ይሻላል። ደሞዙም ዘመኑም በእማኝ ፊት ይነገር ነበር፤ ሴቲቱ የምትገባበትን ታውቀው ነበር። የወረቀት ጋብቻ ግን በሹም ፊት አንድ ነገር እየተናገሩ በልብ ሌላ ማሰብ ነው። እንዲህ ያደረጉትን ሁሉ በአንድ ሚዛን አልመዝንም። ከጦርነት ሸሽታ፥ የምትመለስበት ቤት አጥታ፥ በጭንቅ የፈረመች ልጅ አውቃለሁ፤ የፈረመላትም ሰው ገንዘብዋን ወስዶ ሦስት ዓመት ሲያስፈራራት ኖረ። በእርስዋ ላይ ድንጋይ ማንሣት አይሆንልኝም።

ነገር ግን መድኃኒቱ ምንድር ነው? ፈራሚው ራሱ በሚመቸው ቀን «ሐሰት ነበር» ብሎ እንዲተወው ብንፈቅድለት፥ እውነተኛይቱን ሚስት ከሐሰተኛይቱ ማን ይለያታል? ሁለቱም አንድ ዐይነት ወረቀት ይዘዋል፤ በባል ልብ የነበረውን የሚያውቅ ባል ብቻ ነው፤ እርሱም በነገሩ ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ በሕግ ፊት የፈረመ ሰው፥ በልቡ ምንም ቢያስብ፥ በፍርድ እስኪፈታ ድረስ የታሰረ ይሁን። ለመኖሪያ ፈቃድ ያገባኋት ናት ካለ፥ ወደ ዳኛ ሄዶ በግልጥ ይፍታት፤ ሌላይቱን ከዚያ በኋላ ያግባ። ይህ በእርሱ ላይ ይከብደው ይሆናል፤ ወጪም ያስወጣዋል። ቢሆንም ሸክሙን የፈረመው ይሸከም እንጂ ያመነችው አትሸከም። ሹሙን ሲያታልል ያገኘውን ጥቅም ይዞ፥ እዳውን በባሕር ማዶ ጥሎ መምጣት እንዴት ይሆንለታል?

የሴቲቱ ጥፋት ምን ያህል እንደ ሆነ የማይረዱ ብዙዎች ናቸውና ጥቂት ላስረዳ። በሕጋችን ባል ያለ ኑዛዜ ቢሞት ሚስት ከወራሾቹ አትቈጠርም፤ ውርሱ ለልጆች፥ ልጅ ባይኖር ለወላጆችና ለዘመድ ይሄዳል። የእርስዋ ድርሻ በጋብቻ ዘመን ካፈሩት የጋራ ሀብት እኩሌታው ነው። እንግዲህ ሚስትነትዋ ቢካድ ይህ ድርሻዋ በክርክር ላይ ይወድቃል። እርግጥ ነው፥ ሕጉ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩትን ሰዎች ሀብት የጋራ ያደርገዋል፤ ነገር ግን የተጋባችን ሴት እንደ ውሽማ ቈጥሮ በምሕረት ማካፈል ክብርዋን አይመልስላትም። ልጁ ከእናቱ ይልቅ የተጠበቀ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለውና። ቢሆንም በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ የእናቱ ባል መሆኑን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ጋብቻው ከተካደ ግን ሕፃኑ አባቱን በፍርድ ቤት ሊፈልግ ነው።

ታዲያ ድንበር የለውምን? አለው፤ ሕጉም ግብረ ገብን ያነሣው ስለዚህ ነው። ሚስት እያለችው ወደ ሌላ አገር ሄዶ ሁለተኛ ያገባ ሰው፥ ወረቀቱ በዚያ አገር ቢሠራም፥ በዚህ አገር ሁለተኛይቱን ሚስቴ ናት ብሎ የመጀመሪያይቱን ሊያስወጣ አይችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጋብቻ ላይ የሚደረገውን ጋብቻ በአንቀጽ 650 ይቀጣል። ዕድሜዋ ለጋብቻ ያልደረሰች ልጅም ብትዳር ሕጋችን 18 ዓመት ብሎ ወስኖአልና ሌላ አገር መዳርዋ አያስተካክለውም።

በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። የጀርመን መንግሥት በፈረንጆች ዘመን በ2017 ባወጣው ሕግ፥ ከ16 ዓመት በታች ሆነው በውጭ አገር የተዳሩትን ጋብቻ ከመጀመሪያው ከንቱ ነው አለ። አሳቡ ልጆቹን ለማዳን ነበር። በ2023 ግን የአገሩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነቀፈው፤ መከልከሉ ክፉ ነው ብሎ ሳይሆን፥ ጋብቻው ከንቱ በተባለ ቀን ልጅቱ ቀለብ እንኳ ሳትጠይቅ ባዶ እጅዋን እንድትወጣ ስላደረጋት ነው። ይህን ፍርድ እወደዋለሁ። ጋብቻውን አንቀበልም በምንልበት ጊዜ ስንኳ ሴቲቱን ከነልጅዋ እንቀበላት ዘንድ ይገባናል። ሕግ በጋብቻ ላይ በር ሲዘጋ በሩ ላይ የምትቀረው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ያላደረገችው ናት።

ወረቀት ስለሌላቸውስ? በካርቱም በስደት፥ በመጠለያ ሰፈር፥ በአንድ ሽማግሌና በሁለት ጎረቤት ፊት የተጋቡ ብዙ ናቸው፤ መዝገብም የላቸው። ሕጉ ለእነዚህም መንገድ አለው። የጋብቻ ወረቀት ባይገኝ፥ እርስ በርሳቸው እንደ ባልና ሚስት ተያይተው መኖራቸውን፥ ዘመድና ጎረቤትም እንዲያ ብሎ መቀበሉን በማስረዳት ጋብቻው ይታወቃል። ስለዚህ አብረሃቸው የተሰደድህ አንተ ለምስክርነት ብትጠራ «ነገር አልወድም» ብለህ አትሽሽ። ወረቀት ያለው ደግሞ ወረቀቱን በዚያው አገር ሹሞችና በኤምባሲያችን ያስረጋግጥ፤ ኤምባሲዎቻችንም በውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን ጋብቻን እንዲመዘግቡ በ2004 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 760 ታዘዋል። ምዝገባው በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ ከዚያ በፊት የተጋቡ ሰዎች ስማቸውን በመዝገቡ ባያገኙት አይደንግጡ።

ሴት ልጅ ያለህ አባት ሆይ፥ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ልጅህን ቢጠይቅ፥ ያላገባ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከዚህ ከከተማችን ቢያመጣ አይብቃህ። የእኛ መዝገብ የሚያውቀው በእኛ ፊት የሆነውን ነው። ከኖረበት አገር ያመጣ ዘንድ ጠይቀው፤ ፈትቶም እንደ ሆነ የፍቺውን ፍርድ አሳየኝ በለው። ቢቈጣ ይቈጣ።

ያቺ ሴት ወደ ፍርድ ቤት ሄደች። ወረቀትዋ ተተርጕሞ፥ ተረጋግጦ ቀረበ፤ ጋብቻዋም ጸና፥ የኋለኛውም ፈረሰ። እኔም በምስክርነት ቆሜ ያላየሁትን እንደ መሰከርሁ ተናገርሁ። ሁለተኛይቱ ልጅ፥ ምንም ያላጠፋችው፥ ዕቃዋን በአንድ ጋሪ አስጭና ወደ አባትዋ ቤት ተመለሰች። በዚያው ሳምንት ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሄድሁ። መኪናውን አቁሞ መነጽሩን አወለቀ። አልተቈጣኝም።

«ወንድሜ፥» አለኝ፤ «ሰባት ቤት ዘመዱን ስትቈጥርልኝ፥ አንዲቱን ሚስቱን እንዴት ዘለልሃት?»